እናቴን ማንሳት

ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ እርጉዞች መሀል ተራ ይዤ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ዘወር አለችና፣ «ስንት ወርዎ ነው?» አለችኝ። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያ ውስጥ እንደምትኖር ቀደም ብላ አጫውታኛለች። ክፋት የላትም፤ ገርሟት ነው። «እኔስ ለወገብ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ወገብንም በዚህ ያያሉ?» አለች። እኔም ይህንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

ወገቤን የጎዳችኝ እናቴ ናት። እንዲህ ስል ክፉ ልጅ እመስላለሁ፤ ልምሰል። እናቴ ካቻምና ክረምት አንኮበር፣ ገዛ ግቢያችን ውስጥ፣ ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል ቢሉንም እግሯ ዳግመኛ አልቆመላትም። እኔ ባለቤቴ ካረፈ፣ ሁለቱ ልጆቼም ሥራ ይዘው ከወጡ በኋላ እሷ ዘንድ ተመልሼ ገብቼ ስለነበር ማንሳቱ የእኔ ዕጣ ሆነ። ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ፖፖው፣ ከፖፖው መልሶ ወደ ወንበር። ጉሙ ሲገፈፍ ደጅ ፀሐይ ላይ፣ ጉሙ ሲመለስ ደግሞ ወደ ቤት። በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ አነሳታለሁ። በመካከሉ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ጎረቤታችን ብቅ እያለች ታያታለች፤ ግን እሷም ጉልበቷ ስለማይረዳት ውሃ ታቀብላለች እንጂ አታነሳም።

አነሳሳችን ሥርዓት አለው። ጎንበስ እላለሁ። እሷ እጇን በሁለቱም ጎኔ አሳልፋ ከኋላዬ መቀነቴን ትጨብጣለች። እኔ በብብቷ ሥር አቅፌያት ቀና እላለሁ። ቀና ባልን ቁጥር ደረቴ ላይ ሆና፣ «ከበድኩሽ?» ትለኛለች።

«ኧረ ምን ትከብጂኛለሽ!»

ውሸቴን ነው። እናቴ የቄስ ሚስት ሆና ድግስ ስትደግስ፣ ጋን ስታንቀሳቅስ የኖረች አጥንተ ሰፊ ሴት ናት። ትከብዳለች። ከአልጋ ስትነሳ ትከብዳለች፣ ስትቀመጥ ይበልጥ ትከብዳለች።

ጥቅምት ላይ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሳጠፋ ወገቤ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም እንቢ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የማስፈራራቸው መስሏቸው ጸጥ አሉ፤ ኋላ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ሁለት መምህራን ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። እናቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች እኔ መሬት ላይ ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ፤ ያን ቀን እስኪመሽ ተያየን። ማን ማንን ያንሳ?

ይህን የሰማ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ታናሼ ነው። «እታለም፣ አንቺም ከወደቅሽ ሁለታችሁንም ማን ያነሳችኋል? እኔ እወስዳታለሁ» አለኝ። ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ሚስቱ ደግ ናት፣ ሠራተኛ አላቸው፣ ሐኪም ቤት ቅርባቸው ነው። ግን የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቼ የማንን ደወል ልሰማ ነው?» አለች። አባቴ የቀደሰበት፣ የተቀበረበትም ደብር ደወሉ ከአልጋዋ ይሰማታል። በደወሉ ትነቃለች፤ በደወሉ ታማትባለች። ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። «አንተም፣ አንቺም፣ ከአባታችሁ ደጅ አትንቀሉኝ። ሌላ አልለምናችሁም።»

ከወንድሜ ጋር ተከራክረን ተከራክረን እስከ ፋሲካ ተስማማን። ወገቤ እስከ ፋሲካ ከዳነ እናቴ ትቀመጣለች፤ ካልዳነ መኪና ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የእናቴ ነገር ሁሉ በእኔ ወገብ ላይ ወደቀ።

ደብረ ብርሃን ያየኝ ዶክተር መድኃኒት ጽፎ ወደ አንዲት ወጣት ሴት መራኝ። እኔ ሐኪሟ እላታለሁ፤ እሷ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እያለች ታርመኛለች። ከመጀመሪያ ልጄ ታንሳለች። የአልትራሳውንዱ ማሽን የእናቶች ክፍል ንብረት ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት እርጉዞቹ ሲያልቁ ለአንድ ሰዓት ያህል ታስፈቅዳለች። ለዚህ ነው እኔም ከእርጉዞች ኋላ የምሰለፈው። ርእሰ መምህራችን ሐሙስ የማስተምረውን ክፍለ ጊዜ ለሌሎች አከፋፈለልኝ። የዚያ ቀን ፊታቸውን አልረሳውም፤ ማንም እምቢ አላለም፣ ማንንም ደስ አላለውም።

አልጋው ላይ አጋደመችኝ፤ ሆዴን ገለጥ አድርጋ ያን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችኝና መዳሰሻውን ጎኔ ላይ ጫን አደረገችው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳያንስ ያ ቅባት ተጨምሮ! ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አንቴናው ነፋስ የመታው ቴሌቪዥን ይመስላል፤ ግራጫና ጥቁር መስመር በመስመር ላይ።

«ቲቸር፣ ይህ የእርስዎ ሆድ ነው» አለችኝ። «ሦስት ድርብ ጡንቻ አለ፤ ይታይዎታል? ላይኞቹ ሁለቱ ጎበዞች ናቸው። የምንፈልገው ይህን የታችኛውን ነው፤ ከሁሉም ውስጠኛውን።» ውስጠኛው ቀጭን ነው፤ እንደ ታጠፈ ነጠላ ከሥር ተኝቷል። ከጀርባ ተነስቶ ሆድን ዙሪያውን እንደሚይዝ፣ ሰው ዕቃ ከማንሳቱ በፊት ቀድሞ ጠበቅ ማለት እንዳለበት፣ ወገቡ ብዙ ጊዜ የታመመ ሰው ላይ ግን ሥራውን እንደሚረሳ አስረዳችኝ። እንዲገባኝ ብላም፣ «ፈጣሪ የሰጠዎት መቀነት በሉት» አለችኝ። ይህችን ቃል ባትናገር ኖሮ አንድ ወር ባተረፍን።

«እስቲ ከእምብርትዎ በታች ያለውን ሆድዎን ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይሳቡት። ትንፋሽዎን ሳይይዙ።»

ሳብኩት። ባለኝ ኃይል ሳብኩት። ላይኞቹ ሁለቱ አበጡ፣ ስክሪኑ ተናወጠ፤ ውስጠኛው ግን ንቅንቅ አላለም።

«በጉልበት አይደለም» አለች።

እኔ ደግሞ በጉልበት ያልሆነ ነገር አላውቅም። ልጅ ያሳደግሁት በጉልበት፣ ባል ያስታመምኩት በጉልበት፣ ሰባ ሕፃን በአንድ ክፍል የማስተምረው በጉልበት ነው። አሁን አንዲት ልጅ መጥታ ቀስ ይበሉ ትለኛለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔ እንቁላል ግን ፋሲካ ይደርስበታል።

የማሽኑ ጥቅሙ፣ እንደነገረችኝ፣ የማይታየውን ማሳየቱ ነው። ክንድ ሲታጠፍ ይታያል፤ ይህኛው ግን ከውስጥ ተደብቆ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ እያዩ መሞከር ነው፤ ሲሠራ ወፈር ይላል፣ ከአጠገቡ ካለው ሸርተት ይላል። አንዴ ስሜቱን ከለዩት ቤት ሄዶ ያለ ማሽን መድገም ነው። ይኸው ነው። ሲነገር ቀላል ነው።

ቤቴ ስገባ እናቴ፣ «ማሽኑ ምን አለ?» አለችኝ።

«ውስጠኛው መቀነት ላልቷል አለ።»

«እኔስ ምን ስልሽ ኖርኩ!» አለች።

እዚህ ላይ ስለ መቀነቱ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን እናቴ ራሷ የፈተለችውን ረጅም መቀነት እጥፍ ድርብ አድርጋ ሆዴን ጠፍራ አሰረችኝና፣ «ይቺን እንዳትፈቻት። የወለደች ሴት ወገቧ ክፍት ነው» አለችኝ። በአገራችን ወገቧን ሳትታጠቅ ከባድ ነገር የምታነሳ ሴት እንደ ዝርክርክ ነው የምትታየው። ከዚያ ወዲህ ከመኝታና ከገላ መታጠብ በቀር ፈትቼው አላውቅም፤ ወደ ሥራ ስሄድ ከሹራቤ ሥር አደርገዋለሁ። ሐኪም ዘንድ ስገባ ግን አፍሬ ኮሪደሩ ላይ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። የሠለጠነ ሰው ፊት መቀነት ምን ይሠራል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ሐኪሟ መቀነት ብላ፣ እናቴም መቀነት ብላ፣ እኔ ያን ሰሞን አንድ ዙር ጨምሬ አጠበቅሁት። የታዘዝኩትን ልምምድ ጠዋት ማታ የምሠራው በዚያው ታስሬ ነበር። ሆዴን ወደ ውስጥ የምስብ ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። ተራ እይዛለሁ፣ እርጉዞቹ ያዩኛል፣ ቅባቱ ይቀዘቅዘኛል፣ ውስጠኛው ጡንቻ ይተኛል። በሦስተኛው ሐሙስ ሚኒባሱ ውስጥ ግንባሬን መስኮቱ ላይ ደግፌ ስመለስ አለቀስኩ። ብዙም አይደለም። ሰው እንዳያየኝ ጉሙን የማይ መስዬ ነው። ደክሞኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እዚያ ጉም ውስጥ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ይውሰዳት፣ ይውሰዳትና ልተኛ። ቤት ደርሼ ሳነሳት ዓይኗን ለማየት አፈርኩ።

በአራተኛው ሐሙስ ሐኪሟ ሆዴን ስትገልጥ ቆም አለች። ጣቷን ጎኔ ላይ ሰርጎድ ባለው መስመር ላይ አሳለፈች። «ይህ ምልክት የቀሚስ ላስቲክ መስሎኝ ነበር» አለች። «ምንድነው?»

ልዋሽ አሰብኩና ሰነፍኩ። ለውሸትም አቅም ይፈልጋል። «ከመጀመሪያ ልጄ ወዲህ የምታጠቀው ነው» ብዬ ቦርሳዬን ከፍቼ መቀነቱን አወጣሁት። ስጎትተው አያልቅም፤ ልጅቷ ርዝመቱን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። አልሳቀችብኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

«እስቲ ቤት እንደሚያስሩት ይሰሩት» አለችና መዳሰሻውን ከመቀነቱ ሥር አስገባችው። ሆዴን ሳብኩ። እንግዲህ ስክሪኑ አጋለጠኝ። ስስብ አልነበረም የኖርኩት፤ መቀነቱን ወደ ውጭ ስገፋ ነበር። ላይኞቹ ጡንቻዎች መቀነቱን ተደግፈው ያብጣሉ፣ ውስጠኛው ከሥራቸው ዘና ብሎ ተኝቷል።

«አዩት?» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ቀጥረውለት ምን ብሎ ይነሳ!»

አስፈታችኝና እንደገና ይሞክሩ አለችኝ። መቀነቱ ሲፈታ ሆዴ የሌላ ሰው መሰለኝ። በጉልበት አይደለም፣ በጉልበት አይደለም ትላለች። እኔ ምን እንደማስብ አጣሁና ድንገት የቤታችን በር ትዝ አለኝ። የቆርቆሮ በር ነው፤ ሲዘጋ ያንቋርራል። እናቴ ሌሊት ሥቃዩ ስለማያስተኛት ጠዋት ወንበሯ ላይ ሸለብ የሚያደርጋት እኔ ለሥራ ስወጣ ነው፤ በየቀኑ ያን በር ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ፣ ቀስ እያደረግሁ እዘጋዋለሁ። እየተነፈስኩ በሐሳቤ ያን በር መዝጋት ጀመርኩ።

ስክሪኑ ላይ ከሥር ያለው ቀጭን መስመር ወፈር አለ። ሸርተት አለና ቆመ።

«ያዙት» አለች ሐኪሟ በሹክሹክታ። «እየተነፈሱ ያዙት። አሁን ምን አደረጉ?»

«በር ዘጋሁ» አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ ግን በሚቀጥለው ሐሙስ ገና ሳልጋደም፣ «በሉ ቲቸር፣ በሩን ይዝጉ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መለማመጃችን እሱ ሆነ። ተጋድሜ ዘጋሁ፣ ተቀምጬ ዘጋሁ፣ ቆሜ ዘጋሁ፤ በመጨረሻ ወንበር አስነሳችኝ።

ቤት ውስጥ ግን ያላሰብነው መጣ። መቀነቴን ፈትቼ እናቴን ላነሳት ጎንበስ ባልኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ እጆቿ ወደ ኋላዬ ሄደው ፈለጉ፤ ወዲያ ወዲህ ዳሰሱ። የሚጨበጥ አጡ። ቀሚሴን ያዘች፣ አዳለጣት፤ ሁለታችንም መልሰን አልጋው ላይ ወደቅን። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ምን ነካሽ? ምን ይዤ ልነሳ?» አለችኝ።

ለካ መቀነቱ ለእኔ ወገብ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷ መያዣ ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅንም። በማግስቱ ላላ አድርጌ፣ ሆዴን እንዳይነካ አድርጌ፣ ከቀሚሴ በላይ አሰርኩት። ለሐኪሟ ስነግራት አሰበችና፣ «ለእርስዎ ከሆነ አይሆንም፤ ለእሳቸው ከሆነ ይሁን» አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና አለልኝ። እናቴ መቀነቱን ትይዛለች፣ እኔ በውስጤ በሩን እዘጋለሁ፣ ቀና እንላለን። በየሳምንቱ እየቀለለኝ መጣ። ጥር አለቀ፣ ሁዳዴ ገባ። ነጥቤ ሲነበብልኝ እንደሚኮራ ተማሪ ነበር የምሆነው፤ ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ መስመር አስምራ የጡንቻውን ውፍረት ታሳየኛለች፤ እኔም ወንድሜ ጋ ደውዬ እነግረዋለሁ። በዕድሜዬ መጨረሻ በሆዴ ጎበዝ ተባልኩ እያልኩ መምህራኑን አሥቃለሁ። እናቴን እንኳ በአንድ እጄ የማነሳት መሰለኝ።

ሁዳዴ ሲገባ የእናቴ ምግብ ቀነሰ። ንስሐ አባቷ፣ «እርስዎ በሽተኛ ነዎት፤ ጾም የለብዎትም» ብለው ፈተዋት ነበር። «እሳቸው ቢፈቱኝ እኔ ራሴን አልፈታም» አለች። ሁለት ጉርሻ ሽሮ፣ ትንሽ በሶ፣ ውሃ። ቤታችን የቄስ ቤት ነው፤ ጾም ላይ የሚበላ ሰው እንጂ የማይበላ ሰው አያስገርመንም። ጾም ነው፣ አልኩ። ለፋሲካ ታካክሰዋለች፣ አልኩ። ደግሞም ሥራ ነበረብኝ፤ በር መዝጋት።

ወንድሜ በፋሲካ ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይዞ መጣ። በር ላይ ሳመኝና ገና ሳይቀመጥ፣ «እስቲ ወገብሽን አሳዪኝ» አለኝ። ይህን ቀን ስጠብቀው ነው የኖርኩት። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለታችንንም ታያለች፤ ከንፈሯ ውስጥ ውስጡን ይጸልያል። ጎንበስ አልኩ፤ መቀነቴን ያዘች፤ ቀና አልን። አንዴም አላቃሰትኩም። ወንበሯ ላይ ሳስቀምጣት እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

«እንዴት ነው የቀለለችሽ?» አለ ወንድሜ።

«ተማርኩ» አልኩት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ጉሙ ተገፎ ነበርና፣ «እኔ ደጅ ላውጣት» ብሎ ራሱ አነሳት። ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳት የወደቀች ጊዜ ነው፤ ያኔ ከግቢው ተሸክሞ መኪና ውስጥ ሲያስገባት ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አሁንም ለዚያ ክብደት ተዘጋጅቶ አፈፍ አደረጋት፤ ካሰበው በላይ ከፍ አለችበት። ፊቱ ተለወጠ። ወስዶ ፀሐይ ላይ አስቀመጣት፣ ጋቢዋን አለበሳት፣ ከዚያ ከጓሮ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ቆመ። ተከተልኩት።

«እታለም፣ መቼ ነው እንዲህ ያለቀችው?» አለኝ።

 በየቀኑ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ አቅፌያታለሁ፤ በየሐሙሱ የገዛ ሆዴን ውስጥ እያየሁ መጥቻለሁ። እጄ ላይ የምታልቀውን ግን አላየሁም። እየበረታሁ መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ መኪናውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። «እዚሁ ደወሏን ትስማ» አለ። የለመንኩትን አገኘሁ፤ ግን እሰይ የሚል ከአፌ አልወጣም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ሐኪሟ ስክሪኑን አይታ፣ «ጨርሰዋል ቲቸር፤ ከእንግዲህ ማሽን አያስፈልግዎትም» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳትና፣ «የቀለለኝ ስንቱ ከጡንቻው ነው፣ ስንቱ ከእሷ ማለቅ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቅባቱን ከሆዴ ላይ በሶፍት ጠረገችልኝ። «ጡንቻው በእውነት ይሠራል፤ ራስዎ አይተውታል» አለች በመጨረሻ። «ሌላውን ማሽኑ አያሳይም።» ተሰናበትኳት። በር ላይ እርጉዞቹ ቦታ ለቀቁልኝ።

ቤት ስደርስ ጉሙ ወርዶ ነበር። እናቴ ደጅ ፀሐይ ስትሞቅ ውላ፣ ጎረቤታችን ጋቢ ደርባላት አጠገቧ ተቀምጣለች። ቦርሳዬን ጣል አድርጌ መቀነቴን ከሹራቤ በላይ አሰርኩና ጎንበስ አልኩ። እጆቿ ዞረው መቀነቱን አገኙት። በውስጤ በሩን ዘጋሁና አነሳኋት። መዝጋቱም አያስፈልገኝም ነበር።

«ከበድኩሽ?» አለችኝ ደረቴ ላይ ሆና።

ሁለት ዓመት ስትከብደኝ፣ ምን ትከብጂኛለሽ እያልኳት ኖሬያለሁ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፤ «ዛሬስ ከበድሽኝ።»

«ከፋሲካ ወዲህ መብላቴ ነዋ» አለችና መቀነቴን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።